ስምንተኛው አጥንት

ቃልኪዳን የጎረቤቴ የወልደ ጻድቅ ልጅ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ልጂቱም ማሰሮና ጋን እየሠራች ከባሕር ዳር ሐሙሲት ድረስ ወስዳ ትሸጣለች።

በእኛ አገር ዘር ሲመረመር «አጥንት ይቆጠር» ይባላል፤ የባላባት ዘር ደግሞ «አጥንቱ የጠራ» ነው። ለምን አጥንት እንደተባለ ወልደ ጻድቅን አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «ሥጋውንማ አፈር ይበላዋል፤ አጥንቱ ነው የሚገኘው» አለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ከቃልኪዳን ጋር ጭቃ ሲያቦኩ፣ አንዴ በጫኑት ቁጥር አንድ አያት ያስቆጥራት ነበር። እኔ ደግሞ እስቅበት ነበር፤ አጥንት ለድሃ ምን ያደርግለታል እያልሁ።

እሱ በሞተ ባመቱ ከዘጌ ሽማግሌ መጣ። ይትባረክ የሚባል የካህናት ልጅ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቱ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ አናገባም ብለው ጋብቻውን ሊያስቀሩ ኖሯል የመጡት። ገና ከመቀመጣቸው፣

«እኛ የባላባቱ የአዛዥ ዘወልድ አጥንት ነን። የዚችን አጥንት የሚቆጥርልኝ ማነው?» አሉ።

አባት የለ፣ አጎት የለ። እናቷ አንገቷን ደፋች።

«እኔው እቆጥራለሁ» ብላ ቃልኪዳን ከጓዳ ወጣች፣ እጇ ላይ ጭቃው እንዳለ።

«ሴት ልጅ ለራሷ ትቆጥራለች እንዴ?»

«ሌላ ሰው ከሌላት ምን ታድርግ፣ መሪጌታ?»

ከአባቷ ጀምራ ሰባት ቤት አደረሰች፤ አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም። ሽማግሌዎቹ «በቃ፤ እስከ ሰባት ዝምድና የለም፣ ይጋቡ» አሉ።

«አይበቃም! ቀጥዪ» አሉ መሪጌታ። «አንዱ ጋ ሸክላ ሠሪው ብቅ ማለቱ አይቀርም።»

«ስምንተኛው አዛዥ ዘወልድ» አለች።

መሪጌታ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ከየትኛው ልጁ?»

«ከታናሹ። እርስዎስ?»

«ከ... ከታላቁ» አሉ ድምፃቸው አንሶ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ። «መሪጌታ፣ ለካ የገዛ አጥንትዎን ሲሰድቡ ነው የዋሉት!»

«አሁን የእናቴን ልቁጠር» አለች ቃልኪዳን።

«ኧረ በቃ፣ ልጄ!»

«አይበቃም ብለዋል እኮ።»

እናቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን፣ በየስማቸው ላይ «ሸክላ ሠሪ» እያከለች፣ ሰባቱንም ጮክ ብላ ቆጠረች። ያን ጊዜ እናቷ ቀና አለች። እኔም የጉልበቴን ሕመም ረስቼ ብድግ አልሁና እልልታውን አቀለጥሁት። ምነው ወልደ ጻድቅ በነበረ አልሁ።

ሠርጉ ዘጌ ሆነ። ጠላው የተጠመቀው ቃልኪዳን በሠራችው ጋን ነው። መሪጌታ ሦስቴ አስቀድተው ጠጡ፤ ቆጥሬያለሁ።