የእናቴ ልብ በስልክ

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቱ በሙሉ ደጃችን ላይ ነበር። ሕክምና ልማር ወደ ቱርክ መሄዴ ነው፤ አንድ ክፍል እንኳ ሳልገባ «ዶክተር» ብለው ሸኙኝ። ባለጋሪው ጋሽ አያሌው ስለ ወገባቸው አማከሩኝ። «እስክመለስ ከባድ ነገር አያንሱ» አልኳቸው፣ ሻንጣዬን እያሸከምኳቸው።

እዚያ እንደ ደረስኩ ኮሮና ገባና ትምህርቱ ኦንላይን ሆነ። አይራን የሚሉት መጠጥ ጨው የገባበት የኛው አሬራ ነው፤ ቡልጉራቸውም ያው ቅንጬ፤ በምግብ በኩል ብዙም አልተሰደድኩም። የከበደኝ ከላፕቶፕ ጋር ተፋጥጦ መዋል ነበር። የልብ ምት በኢርፎን እንሰማለን፣ መርፌ አወጋግ በቪዲዮ እናያለን። ፈተናውን እደፍናለሁ፤ በሽተኛ አምጥተው ፊቴ ቢያስቀምጡ ግን እጄን የት እንደማሳርፍ አላውቅም።

እማዬ ደግሞ በስልክ መማሬን ስትሰማ በስልክ ማከምም የምችል መሰላት። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች።

«እስቲ ልቤን ስሚልኝማ፣ ዳገት ስወጣ ድው ድው እያለ አስቸገረኝ።»

የሚሰማኝ የነጠላዋ መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። «ደህና ነው እማዬ» እላታለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በራሴ አፍራለሁ። ትምህርቱን ትቼ ልመለስ ያሰብኩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን አከራዬ ኤሚኔ ሀኒም፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ በሬን አንኳኩ።

«ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ሆነሽ የምትማሪው ምንድን ነው?»

«ሕክምና።»

«እንግዲያ ስታመም ፎቶዬን እልክልሻለሁ።»

ተናደድኩ። የልብ ማዳመጫዬን አውጥቼ ደረታቸው ላይ አሳረፍኩና ኮስተር ብዬ ቆየሁ።

«ደህና ነው» አልኳቸው፣ እንደለመድኩት።

«ጆሮሽ ላይ ሳትሰኪው?»

እውነትም ማዳመጫው አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማስካቸውን አድርገው በየጠዋቱ ይቀመጡልኝ ጀመር። እየተሳሳትኩ፣ እየደጋገምኩ አዳመጥኳቸው፤ ሲውል ሲያድር ድምፁን ያለ ጥርጥር ለየሁት። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተከፍቶ የመጀመሪያውን በሽተኛ ስመረምር እጄን የት እንደማሳርፍ አውቅ ነበር።

ያን ዕለት ከግቢ እንደ ወጣሁ ቤት ደወልኩ። እማዬ እንደ ልማዷ ስልኩን ደረቷ ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ ልብ በስልክ አይሰማም። እስካሁንም ሰምቼው አላውቅም፤ ዋሽቼሻለሁ። ነገውኑ ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ።»

ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«እሽ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ስልኩን ግን ትንሽ እዚሁ ላቆየው።»

ነጠላዋ ተንኮሻኮሸ። እኔም አልዘጋሁትም።