በሁዳዴ የተመታ ከበሮ

ባለፈው ወር ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ኮንዳክተር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የማስትሮ ቦግዳን ፎቶ ነው፤ ጸጉራቸው ገና ጥቁር ሳለ የተነሡት። ከሥሩ የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ ተጽፏል። በፖላንድ የአንድ ትልቅ ከተማ ኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ እንደነበሩ ይተርክና መጨረሻው ላይ፣ «ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ በኋላ የሙዚቃ ሕይወታቸው አበቃ» ይላል። አበቃ! ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ አረረ። ይረር።

ከማስትሮ ጋር ስተዋወቅ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦርኬስትራው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡርና በአውቶቡስ እየተንከራተትኩ እሄዳለሁ። ኦርኬስትራ ስል የሰፈር ነው። የጥርስ ሐኪሙ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ጥሩምባ ይነፋል፤ የምንለማመደውም በአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ስመታ ነው ያደግሁት። ይህን የሰማ የሙዚቃ አስተማሪዬ ቲምፓኒ የሚሉትን ትልቁን የመዳብ ከበሮ አስለምዶ ወደ ማስትሮ ላከኝ።

ማስትሮ ቦግዳን ለእንጀራቸው በየቤቱ እየዞሩ የፒያኖ ድምፅ ያስተካክሉ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ከአገራቸው ለምን እንደወጡ ጠየቅኋቸው። በመንግሥት ጥይት ለሞቱ ሠራተኞች መታሰቢያ አንድ የሙዚቃ ሥራ ደርሰው ነበር። መጨረሻው ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይልና ከበሮ ብቻውን ይቀራል። ሹማምንቱ፣ «ከበሮውን ቁረጠው፤ ሕዝቡ ይገባዋል» አሏቸው። «እንዲገባው አይደል የጻፍኩት?» ብለው እምቢ አሉ። የመሪነት ዘንጋቸውን ተቀሙ፤ ሥራው ሳይሰማ ቀረ፤ እሳቸውም ገጠር ሄደው ለልጆች መዝሙር እንዲያስተምሩ ተፈረደባቸው። እምቢተኛ ሰው ስወድ!

በዚያ ዓመት ይህንኑ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ልናሰማ ተነሣን። ከበሮው የእኔ ነው። ኮሚቴው ግን (ኮሚቴ የሌለበት አገር የት አለ?) አልወደደውም። ሊቀመንበሯ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «መጨረሻው ሰው ያስጨንቃል፤ ከበሮውን ብናሳጥረውስ?» አለች። ማስትሮ ሣቁ።

«ከአንቺ በፊት ታንክ ያላቸው ሰዎች ጠይቀውኛል» አሏት።

ክርክሩ በዚያው አለቀ። የዝግጅቱን ቀን የወሰነው ግን ኮሚቴው ነበርና የደብረ ዘይት ዋዜማ፣ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ዋለ።

አባቴ መሪጌታ ነበር። በአዘቦት ቀን ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ ማሕሌት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ነው። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽሏን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ እንደምታዜም ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ካንስል አድርጊው» አለኝ።

«አባዬ፣ የኛ ከበሮ እኮ አይደለም። የፈረንጅ ነው።»

«እጁስ? እጁም የፈረንጅ ነው?»



በማግስቱ ማስትሮ ቤት ሄድኩ። የቀይ ሥር ሾርባ በጥቁር ዳቦ አቀረቡልኝ። ሥጋ የለበትም፤ ለካ እሳቸውም ይጾሙ ኖሯል። እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«እኔን የከለከሉኝ ሰዎች ፈሪዎች ነበሩ» አሉ። «አባትሽ ፈሪ አይደለም፤ ስለዚህ እምቢ በይው አልልሽም። ከበሮውን ግን አልቆርጥም፤ በሌላ ሰውም አላስመታም። ቦታሽ ላይ ቁሚ። ካልመታሽ ዝምታውን እመራዋለሁ።»

የቀልዳቸውን መስሎኝ ነበር።

የዝግጅቱ ዕለት አባቴ ራሱ በመኪናው ወሰደኝ፤ እንዳልመታ ሊጠብቀኝ ነው። የመጨረሻው በረዶ ቀልጦ መንገዱ በጨው ነጥቷል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሥራው መጨረሻው ላይ ደረሰና ሁሉም ዝም አለ። ማስትሮ ወደ እኔ ዞረው ዘንጋቸውን አነሡ፤ አወረዱ። እጄ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና አነሡ፤ አወረዱ። ምንም የለም። ሰው ማሳል ጀመረ፤ ከኋላ አንዱ ሣቀ፤ ሊቀመንበሯ ሰዓቷን አየች። ፊታቸው ላይ ቁጣም ልመናም አልነበረም። ሽማግሌው ላብ እያጠመቃቸው የማይሰማ ከበሮ ይመራሉ። ስንት ዓመት ሙሉ አፉን የዘጉትን ሙዚቃ አሁን የምዘጋው እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ ደሜ ፈላ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በሁሉም ይመስለኛል። መታሁት። አንዲት ምት ሳላስቀር እስከ መጨረሻው መታሁት።

ስንመለስ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ገባን።

«ንስሐ ትገቢያለሽ» አለኝ አባቴ።

«እገባለሁ። ግን ነገም ቢሆን እመታዋለሁ።»

«እንግዲያው እሱ ንስሐ አይባልም።»

እስከ ፋሲካ ድረስ ከ«ብዪ» እና ከ«ተኚ» በቀር አላናገረኝም።

ማስትሮ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት መሩን። ዘንጋቸውን ያስቀመጡት ሲሞቱ ነው። አባቴም አርጅቶ አልጋ ላይ ሳለ፣ አንድ ቀን አጥሚት ሳጠጣው፣ ከምን እንዳነሣው እንጃ፣ «ያ ሽማግሌ በዘንጉ ባዶውን ስንት ጊዜ መታ?» አለኝ።

«አላስታውስም፣ አባዬ።»

«ዐሥራ አንድ ጊዜ። እየቆጠርኩ ነበር።» አጥሚቱን ፉት አለና፣ «እኔ ብሆን እስከ ዐሥራ አንድ አልታገሥም ነበር» አለ። ወዲያው መሪጌታነቱ መጣበት። «ቢሆንም ኃጢአት ነው።»

ልጄ ላሳየችኝ ጽሑፍ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የሰፈር ኦርኬስትራ ከሙያ እንደማይቆጠር የሚያስረዳ ትሑት መልስ ላኩልኝ። አይቆጠር። ለሹም ያልታጠፈ፣ ለኮሚቴም ያልታጠፈ ሰው፣ በአንድ ጥርስ ሐኪምና በአንድ ፖስተኛ አጃቢነት የተከለከለውን አሰምቶ ነው የሞተው። እኔ ሌላ ሙያ አላውቅም።

ዘንድሮም ሁዳዴ ገብቷል። ነፍስ አባቴ እንደ ልማዳቸው፣ «ሌላስ የቀረ የለም?» ብለው ጠየቁኝ። አለ። ግን የከበሮውን ነገር አልነገርኳቸውም። ከነገርኳቸው ይቅር ይበልሽ ሊሉኝ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ይቅር እንድባል አልፈልግም።