የቆላ አየር በጀሪካን

ደጋዋ ደባርቅ ከቆላዋ ዛሪማ ይልቅ ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ታዲያ ለምን ትበርዳለች? ይህን ጥያቄ ለተማሪ፣ ለቄስ፣ ለጠጅ ቤት ተከራካሪ ሳስረዳ አርጅቻለሁ። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ናት፤ በእሷ ርቀት ሲለካ ከደባርቅ ዛሪማ የሚያወርደው የሊማሊሞ ቁልቁለት ከቁጥር አይገባም። ደግሞም መሬቱን ታሞቃለች እንጂ አየሩን በቀጥታ አታሞቀውም፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ የሚጫነው ይቀንሳል፤ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው የደጋ አየር ቀዝቃዛም ስስም የሆነው። ስስ መሆኑን ሳስተምር ኖሬ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ባለቤቴ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ከመደብ እስከ በር ስትሄድ ሁለቴ ትቆማለች። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ታነጋለች።

ሐኪሙ ሳንባዋ ደክሟል፣ ቆላ አውርዳት አለኝ። ሴት ልጃችን ዛሪማ ናት፤ ክፍል ለቀቀችልን። ባለቤቴ ግን እምቢ አለች። ወባውን ከነገር አልቆጠረችውም። የፈራችው እዚያ ብትሞት ወላጆቿና የበኩር ልጃችን ካረፉበት ደብር ተነጥላ መቀበሯን ነው።

በሙያዬ ላሳምናት ተነሣሁ። ክፍሉን ለማየት የወረድሁ ጊዜ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ዛሪማ ላይ ጥርቅም አድርጌ ከድኜ ይዤ ወጣሁ። ደባርቅ ሲደርስ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጆሮዋ ሥር ስከፍተው ፍስስ አለ። ታች ያለው አየር የላዩ ተጭኖት እንደ ተረገጠ ጭድ ታጭቋል፣ አንዴ ስትስቢ ብዙ ይገባልሻል አልኋት። እንዲያ አጥርቼ አስተምሬ አላውቅም። እሷም በደንብ ገባት።

«ታዲያ እኔን ምን አስወረደኝ?» አለች። «መሄድ ላልቻለ በሽተኛ ጠበል በጀሪካን ይመጣለት የለም? አምጣልኛ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አየር እንደ ጠበል እፍኙ እንደማይበቃ፣ ጀሪካኑም እዚህ ሲከፈት ትርፉ ፍስስ ብሎ ወጥቶ የደባርቅ አየር ሆኖ እንደሚቀር ነገርኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ያደረግሁትን ተማሪዎቼ ባይሰሙ ደስ ይለኛል። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ በተከፈተ ቀን ጀሪካን ይዤ ወረድሁ። መናኸሪያ ላይ ክዳኑን ከፍቼ ትንሽ ቆሜ መልሼ ገጠምሁት፤ ባዶ እንዳመጣሁት ባዶ። የመኪናው ረዳት አይቶኝ ዘይት ጠፋ እንዴ አባባ አለኝ። ጠፋ አልሁት።

አፍንጫዋ ሥር ከፈትሁላት። ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ምንም። ምንም እንደማይሆን እያወቅሁ ደረቷን አፍጥጬ አይ ነበር፤ ፊዚክስ ለአንድ ቀን ቢሳሳትልኝ ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንደማይሆን አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሌላ የማደርገው አጣሁ።»

ጀሪካኑን ራሷ ከደነችው። «በል እወርዳለሁ። ብሞት ግን ወደ ደብሬ አውጣኝ። ማልልኝ።»

ማልሁላት።

አሁን ዛሪማ ነን። ጋደም ብላ መተኛት ችላለች፤ ጓሮ ድረስ ሳትቆም ትደርሳለች። ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ ደጋ ከወጣች በሕይወት አትመለስም ብሎኛል። መንገዱ በተዘጋ ቀን ብትሞትብኝ መሐላዬን በምን ትከሻዬ እንደምፈጽመው አላውቅም። በየጠዋቱ መቼ ነው የምንወጣው ትለኛለች። መንገዱ ሲከፈት እላታለሁ። ከደጃችን የጭነት መኪና እያጓራ ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ እሷም ትሰማዋለች።