ቢላ የተነፈገችው ተማሪ

ኑኃሚንን ሺሺንዳ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ላም ምጥ ሲጠናባት የምትጠራው የእንስሳት ሐኪም እሷ ናት። እዚህ እስክትደርስ ያሳለፈችው ግን ደም ያፈላል።

ነገሩ የሆነው ቦንጋ ስትማር ነው፤ የማሰልጠኛውን ስም ልተወው። ለአጥንትና ጡንቻ ትምህርት ገደል ገብቶ የሞተ ወይፈን ተገዛ። የተግባር ፈተናው የኋላ እግሩን ከዳሌው ላይ፣ አጥንቱ ሳይሰበር፣ ለይቶ ማውጣት ነበር። መምህር ፈለቀ ታዲያ ቢላውን ለወንዶቹ አደሉና ሴቶቹን እናንተ ጻፉ አሏቸው። ለምን? ሴት ከብት አታርድም ተብሎ! ወይፈኑ እኮ ሞቶ አድሯል፤ እረጂ ያላት ማን አለ? ይባስ ብሎ ቢላ ያልያዘ ተማሪ ከሠላሳ ማርክ ከአምስት በላይ አያገኝም ተባለ። ይህ ለኑኃሚን መውደቅ ነው። ከቤት የወጣችው በስንት ልመና ነው፤ ወድቃ ብትመለስ ሁለተኛ የሚልካት የለም።

ወንዶቹ ጉልበታቸውን ተማምነው ገቡበት። ጎተቱ፣ ጠመዘዙ፣ በላብ ተጠመቁ። በመጨረሻ ሚሊዮን የሚባለው ተማሪ መጥረቢያ አመጣና የታፋውን አጥንት ሰብሮት አረፈ። መምህሩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጥሩ ሙከራ ነው ብለው ሃያ ሰጡት። ለሰባሪው!

ኑኃሚን ከዚህ በላይ አልቻለችም። ደብተሯን አስቀምጣ ቢላ አነሳችና ወደ ቀረው እግር ሄደች። ታፋውን ወደ ውጭ ገልብጣ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቷ ፈለገች። ዙሪያውን ቆረጠች፣ እግሩን ትንሽ አዞረችው፤ አጥንቱን ከውስጥ የያዘችውን ጅማት በቢላው ጫፍ ነካ ስታደርጋት እግሩ እጇ ላይ ቀረ። አጥንቱ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

መምህሩ ግንባራቸውን ቋጥረው ማን እንደፈቀደላትና የት እንደተማረችው ጠየቋት።

«መምህር፣ እርስዎ ቤት ዶሮውን የሚበልተው ማነው?» አለቻቸው።

ዶሮን በየመጋጠሚያው፣ አጥንት ሳይሰበር፣ አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ ማውጣት የማን ሥራ እንደሆነ ማን ያጣዋል? እርሳቸው ቤት የሚበልቱት ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ናቸው፤ አንዲት አጥንት ተሰብራ ብትቀርብ ደግሞ መጀመሪያ የሚያኮርፉት እርሳቸው ናቸው።

ታዲያ ሠላሳውን ሞልተው ሰጧት ብላችሁ ይሆናል። ያለ ፈቃድ ቢላ አንስተሻል ብለው ዐሥር ቀነሱባት። አለፈች፤ ግን በሃያ፣ ልክ ከሰባሪው እኩል።