ጉንቮርና ሁለቱ ጥይቶች

ጉንቮር መቀመጥ አይሆንላትም። ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች በኋላም የሸለቆውን ደብዳቤ ሁሉ ገና የምታድል ይመስል ጠዋት ማታ ደጅ ደጁን ትላለች። ያን መስከረም ግን ባሰባት፤ እንቅልፍ የነሳት የጥይት ምርጫ ነበር።

ከአባቷ የወረሰችው ጠመንጃ ስድስት ነጥብ አምስት የሚሉትን ቀጭን ጥይት ይጎርሳል። ትከሻ አይመታም፣ ሩቅም ልከኛ ነው። በጋውን ሦስት መቶ ሜትር ላይ የተተከለ ዒላማ ስትመታበት ትከርምና ቅጠል ሲረግፍ በዚያው ጠመንጃ ከአዳኞቹ ጋር ጫካ ትገባለች። አምና ታዲያ መቶ ሜትር ላይ በቆመ ወንድ ኤልግ ላይ ተኮሰች። ፈረስ የሚያህለው አጋዘን ከነቁስሉ አመለጣት፤ ውሾቹ ያገኙት በማግስቱ ነው። እንስሳ አቁስሎ ማሳደር ደግሞ በነሱ ዘንድ አንገት ያስደፋል።

የአዳኞቹ አለቃ ታናሽ ወንድሟ ስታይናር ነው። ዘንድሮ ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለውን ወፍራሙን ጥይት ካልያዘች የዱሮ ቦታዋ ላይ እንደማያቆማት ቁርጡን ነገራት።

«እትዬ፣ ያንቺ እኮ የቆቅ መምቻ ነው» አላት።

የሱን ተውሳ ሞከረችው። እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ገና ቃታውን ሳትስብ ዓይኗን መጨፈን ጀመረች። ይህ ልማድ አንዴ ከያዛት ዒላማ መምታቱ እንደሚያከትም ታውቃለች። ዒላማውን ብትመርጥ ጫካውን ታጣለች፣ ጫካውን ብትመርጥ ዒላማውን። ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ስትንቆራጠጥ ሰንብታ፣ የአባቷን ጠመንጃ ሸጣ ወፍራሙን ለመግዛት ቆረጠች፤ ቆርጣም አለቀሰች።

ገዢው ከመምጣቱ በፊት ልትወለውለው ከሣጥኑ አወጣችው። ኤልጉን ካቆሰለችበት ቀን ወዲህ፣ በጋውን እንኳ፣ ነክታው አታውቅም። ማነጣጠሪያውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው መዘውር ሦስት መቶ ላይ ቆሟል።

አምና በአደኑ ዋዜማ ውድድር ነበረባት፤ መዘውሩን ወደ መቶ ሳትመልስ ነው ጫካ የገባችው። ለሦስት መቶ የተስተካከለ ጠመንጃ መቶ ላይ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ይስታል። ጥይቱ የእንስሳውን ሳንባ ስቶ ጫንቃውን ያገኘው ለዚህ ነበር።

ዝም ብትልስ? ጥይቱ ደካማ ነው መባል ይሻላል፤ መዘውር የረሳ ተኳሽ መሳቂያ ነው። ኩሽናውን ስትዞር ቆየችና ካፖርቷን ደርባ ወንድሟ ቤት ሄደች።

«ጥይቱ አይደለም ስታይናር። እኔ ነኝ። መዘውሩን ረስቼ ነው።»

ስታይናር በረጅሙ ተነፈሰ።

«እኔ እኮ ዓይንሽ የደከመ መስሎኝ ነበር» አላት። «ያንን ልነግርሽ ፈርቼ ጥይቱን ስወቅስ ከረምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሆነብኝ።»

ጠመንጃው ሳይሸጥ ቀረ። አደን በተከፈተ ቁጥር፣ አዳኞቹ ወደየቦታቸው ከመበተናቸው በፊት፣ ስታይናር በሰው ሁሉ ፊት ይጠይቃታል።

«እትዬ፣ መዘውሩ?»

«መቶ።»

አዳኞቹ ይስቃሉ። እየሳቁም አቀርቅረው የየራሳቸውን ያያሉ።