«አይሰፋም» የሰፋው ቁስል

በጤና ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰው መስፋት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ነርስ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው የሠራተኛ አስተዳደሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ «አይሰፋም» ይለዋል። ስሙንም ያገኘው በላቡ ነው። አንዱ ከትናንት ወዲያ የቆሰለ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ ገለጥ ያደርግና አንዴ አሽትቶ «አይሰፋም» ይላል። ከዚያ ስብከቱ ይጀምራል።

«ቁስል የሚድነው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ያብጣል፣ ይግላል፤ ሰውነትህ ቆሻሻ እየጠረገ ነው። ከዚያ ቀይ ሥጋ ከሥር እየሞላ ይመጣል፤ ቆዳው መጨረሻ ነው። አንተ ቆሻሻውን ውስጥ ትተህ በሩን ዝጋልኝ ትለኛለህ። መግሉ በየት ይውጣ? በመስኮት?» ሰውየው ቁስሉ ታጥቦ፣ በጎዝ ተሞልቶ፣ ክፍቱን በፋሻ ተጠቅልሎ ይሸኛል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ንጹሕ ሆኖ ከመጣ ያኔ ይሰፋለታል። በዚህ ነገር ሹም ቢመጣ፣ ሙሽራ ቢመጣ ፍንክች አይልም።

ትኩስ ቁስል ሲያገኝ ግን እጁ ሌላ ነው። መርፌውን ቀጥ አድርጎ ያስገባል፤ ከወዲህ የገባበትን ያህል ርቆ ከወዲያ ያወጣል፤ ቋጠሮውን ከቁስሉ አፍ ወደ ጎን ይጎትታል። «ማቀራረብ እንጂ ማነቅ አይደለም» ይላል። አዲሱ ወጣት ሐኪም አንድ ጊዜ የከረመ ቁስል ሰፍቶ ቢመግልበት፣ «አይሰፋም» ወሬውን ከጥበቃው እስከ ካርድ ክፍሉ አዳርሶ ልጁን ሁለት ሳምንት አንገት አስደፍቶታል። እንዲህ ያለ ቸር ሰው ነው።

ለስብከቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የባሏን ስፌት ንቃ አትጠግብም። «እያንዳንዱን ለብቻው መቋጠር ክር ማባከን ነው። እኔ ብሆን አንዴ ሽው አድርጌ እጨርሰው ነበር» ትለዋለች። አንዱ ጋ ቢመግል ያንን ብቻ ለመፍታት እንደሆነ ሃያ ዓመት አስረድቷታል። እሷም ሃያ ዓመት ሙሉ «እንዲፈታ አስቦ የሚሰፋ ሰፊ አንተን አየሁ» ስትለው ኖራለች።

የተማሪ ዩኒፎርም በሚበዛበት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሱቋ ደጃፍ የወደቀ የዛገ ቆርቆሮ ባቷን ሸረከተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን ሃምሳ ቀሚስ ስለቀራት በገበር ቁራጭ አሰረችውና የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ ቀጠለች። የሰፈሩን ቁስል በአፍንጫው የሚለየው ሊቅ፣ ጎኗ ተኝቶ እያደረ ምንም አልሸተተውም። ረቡዕ ስታነክስ አያት።

ክፍሉ ወስዶ አጋደማትና ገለጠው። አንድ ስንዝር ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ ውስጡ የገበር ክርና ዝገት አለበት። ለማንም ቢሆን ቃሉ አንድ ነው። አፉን ከፈተ።

«አይሰፋም እንዳትለኝ!» አለች ቀድማው።

«ክፍቱን መቆየት አለበት። አምስት ቀን ብቻ ታገሺኝ።»

«ለመንገደኛው ሁሉ ስትሰፋ ውለህ ሚስትህን እንደ ተቀደደ ጆንያ ትተዋታለህ? ተወው እንግዲህ። ያንን ትንሹን ዶክተር ሄጄ እለምነዋለሁ።»

ሊቁ እዚህ ላይ ጉድ ሆነ። አጠበው፣ አደነዘዘው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋት፤ ከዚያም አሥራ አራት ቋጠሮ አሰለፈበት። በዕድሜው እንዲህ ያማረ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም። እሷ ቀና ብላ አየችና «ዛሬ ገና ሰፊ ሆንክ» አለችው። ይቺን ቃል ሃያ ዓመት ሲጠብቃት ኖሯልና ደስ ብሎት ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳት።

መግል እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሐሙስ ደህና ነበረች። ዓርብ «ትንሽ ይጠዘጥዘኛል» አለች። ቅዳሜ ጠዋት በትኩሳት ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ባቷ አብጦ ክሮቹ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥመዋል፣ ቀይ መስመር ከጉልበቷ አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። ያ መስመር ምን እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ባለ መስመር ሁለት ሰዎች እግራቸው ሲቆረጥ አይቷል፤ አንደኛው ከተቆረጠም በኋላ አልተረፈም። ፈራ፤ የገዛ ክሩን ራሱ ሊፈታ አልደፈረም። ተሸክሟት ሄዶ የቆመው ትንሹ ሐኪም ፊት ነው።

«ማነው የሰፋው፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ተቆርጣ?»

«ሰኞ ተቆርጣ ረቡዕ ሰፋኋት።»

ልጁ ለመሳቅ ሙሉ መብት ነበረው። አልሳቀም፤ መቀሱን አነሳ፤ ይህም ከስድብ ባሰበት። አሥራ አራቱም ቋጠሮዎች ተራ በተራ ተቆረጡ፣ መግሉ የሳህኑን ግማሽ ሞላ። ሦስት ቀን ሙሉ በደም ሥሯ መድኃኒት እየገባ፣ እግሯ ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ አልነበረም። «አይሰፋም» ከአልጋዋ ግርጌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንን መስመር ብቻ ሲያይ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን መስመሩ ወደ ታች መሸሽ ጀመረ።

እግሯ ተረፈ፤ ቁስሉ ግን ሰባት ሳምንት ፈጀ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት እያጠበ፣ ጎዝ እየቀየረ፣ ቀዩ ሥጋ ከሥር በጥቂት በጥቂቱ ሲሞላ ያያል። ቀሚሶቹን ሌላ ሰው ሰፍቷቸዋል። አንድ ጠዋት ፋሻውን ሲጠቀልልላት ጠየቀችው።

«ያን ቀን ክፍቱን ብትተወው ኖሮ ምን አደርግ ነበር?»

«ትሰድቢኝ ነበር።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት። ቢበዛ ስድስት።»

«እና የስድስት ቀን ስድብ ፈርተህ ልትገድለኝ ነበር?»

አጎንብሶ ፋሻውን ጠቅልሎ ጨረሰና ስድቧን ጠበቀ። አልሰደበችውም።