ከአጎቴ ቤት በላይ ያለው ቱቦ

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንሄድ፣ አስፋልቱ በአፈር ሙሌት ከፍ ብሎ በሚያልፍበት አንድ ቦታ፣ የአጎቴ ቤት ከሙሌቱ ሥር አለ። ማሳቸው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ በላይ በኩል ነው። ባለፈው ክረምት የመንገዱ ጠርዝ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ሙሌቱ ቢናድ የሚያርፈው እሳቸው ጣሪያ ላይ ነው።

እኔ ጥፋተኛውን ገና ከወልድያ ሳልነሳ አውቄው፣ ለአጎቴም በስልክ ነግሬያቸው ነበር፦ ሥራ ተቋራጩ። መንገድ ከተሰነጠቀ የሆነ ሰው በልቷል። በዚህ እምነቴ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም። ስለዚህ ስንጥቁን ሊያይ የመጣው ወጣት መሐንዲስ "ውሃ ነው" ሲል ሳቅሁበት።

"ጥሩ ተከሳሽ አገኛችሁ። ውሃ ጠበቃ አያቆምም።"

"ጋሼ፣ ከመንገዱ ሥር ቱቦ አለ። ከላይ በኩል ውሃው ተኝቷል፤ ከታች የቱቦው አፍ ደረቅ ነው። የተኛ ውሃ ሙሌቱን ያርሰዋል፤ የራሰ አፈር ደግሞ ራሱንም አይሸከም።"

አጎቴን አየኋቸው። ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሰማዩ ላይ ደመና እንኳ አልነበረም።

ሠራተኞቹ የላይኛውን የቱቦ አፍ ሲቆፍሩ ድንጋይ የታጨቀበት የማዳበሪያ ከረጢት ወጣ። ጭቃው ሲጠረግ የአጎቴ ስም በወፍራም ማርከር ተጽፎበታል፤ በእኔው እጅ ጽሕፈት። አምና የማሽላ ዘር በሚኒባስ የላክሁበት ከረጢት ነው።

"ምነው አጎቴ?"

"ማሽላዬ እየጠወለገ ውሃውን ለወንዝ ልስጠው? ወላሂ፣ ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው የደፈንኩት።"

"መንገዱ እኮ ቤትዎ ላይ ሊወርድ ነው!"

"ሲሚንቶውን በልተውት ነው የተሰነጠቀው ያልከኝ አንተ አይደለህ? የተማረ ሰው ነው ብዬ አመንኩህ። ቱቦውን ማን ጠረጠረ!"



መሐንዲሱ ስሙን አነበበ። ከዚያ ድንጋዩን አራግፎ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ከረጢቱን አጠፈና ትንፍሽ ሳይል መኪናው ውስጥ ወረወረው። ለምን ዝም እንዳለ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ ተቋራጩ እንዳልጽፍ በውለታ ያሰረኝ ይመስለኛል።

ስንጥቁ ተደፍኗል፤ ቤቱም ቆሟል። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ከሚኒባሱ እንደወረድኩ መጀመሪያ ቱቦው ጋ አጎንብሼ፣ ከወዲያ ማዶ ብርሃን መታየቱን አረጋግጣለሁ። አጎቴ ከደጃቸው ይጮኻሉ፦

"አሰላሙ አለይኩም በለው እንጂ! ከእኔ ይልቅ ዘመድህ እሱ ሆኗል!"

ዝናብ ያጠረ ሳምንት ደግሞ ሳልጠራ እሄዳለሁ።